ዳክዬና ቆጥ

ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ባለ ሰፈር፣ ወንድይራድ የሚባል አናጢ ይኖር ነበር። ይህ የእሱ ዶሮዎችና የአማቱ ዳክዬዎች ወሬ ነው፤ ከጓሮ አያልፍም። ሲያነብ ሌላ ነገር የሚታየው ሰው ካለ የገዛ ዓይኑን ይውቀስ እንጂ በእኔ አያሳብብ።

ወንድይራድ በሁለት ነገር ይኮራል። አንዱ በገዛ እጁ የሠራው የዶሮ ቤት ነው። ቆርቆሮው አያፈስም፣ በሩ አይንጋደድም፣ ቆጡም ሸለምጥማጥ ቢዘል የማይደርስበት ከፍ ያለ ነው። ሌላው ፍርዱ ነው። «በእኔ ግቢ አድልዎ የለም» ይላል፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም። ሚስቱ ስንዱ ይህን በሰማች ቁጥር ፈገግ ትላለች። ምን እንደሚያስቃት ግን ጠይቋት አያውቅም።

እናቱ እማማ አሰገደች አብረውት ይኖራሉ። ክፍላቸው ግቢውን የሚያሳይ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ከፍ ያለ የብረት አልጋቸው። እዚያ ላይ ተቀምጠው ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ባዶ እጁን እንደመጣ ያያሉ፤ ያዩትንም ሳይናገሩ አያሳልፉም። ክፉ ሴት አይደሉም። ከላይ ወደ ታች መናገር ለምደው ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የስንዱ እናት እማማ ብርቄ ከዝዋይ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጥርሳቸውም አልቋል። ልጃቸው ለምና ለምና በመጨረሻ እሺ ያሰኘቻቸው ሦስቱን ነጫጭ ዳክዬዎቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ተስማምታ ነው። ወንድይራድም እንደ ልማዱ ያለ አድልዎ ፈረደ። ዳክዬዎቹ ከዶሮዎቹ ጋር በአንድ ቤት፣ እማማ ብርቄም ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል ገቡ። ዶሮዎቹ ቆጡ ላይ ሲሰፍሩ ዳክዬዎቹ ከቆጡ ሥር ቦታ ያዙ። ለእማማ ብርቄ ደግሞ ከብረት አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ጥሩ ፍራሽ ተነጠፈላቸው። እኛ ግን ወደ ዳክዬዎቹ እንመለስ።

ዳክዬ ደረቅ ነገር አይዋጥላትም። ፉርሽካውን ባፏ ሞልታ ወደ ውሃ ትሮጣለች፣ አርሳ ትውጣለች፣ እየተንገዳገደች ትመለሳለች። ዶሮ ግን የትም አትሄድ፤ እዚያው ቆማ ትለቅማለች። ገንዳው አንድ ነው፣ ምግቡም የሁሉም ነው፤ ነገር ግን ዳክዬዋ ሁለተኛ ጉርሻ ብላ ስትመለስ ገንዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቃታል። ዶሮዎቹ በበኩላቸው ውሃችን ጨቀየ ብለው ይንጫጫሉ። በቤትም ምሳ የሚቀርበው በአንድ ትሪ ነው። እማማ አሰገደች ጥርሳቸው የልጃገረድ ነው፤ እማማ ብርቄ የመጀመሪያዋን ጉርሻ በመረቅ አርሰው እስኪውጡ ድረስ የትሪው መሐል ይነጣል። ወንድይራድ ትሪው አንድ መሆኑን አይቶ ይረካል።

«ዳክዬዎቹ ከስተዋል» አለችው ስንዱ አንድ ቀን።

«ከዶሮዎቹ እኩል ነው የሚቀርብላቸው።»

«መቅረቡስ ይቀርባል» አለችና ዕቃዋን ማጠብ ቀጠለች።

ወንድይራድ አሰበበት። ዳክዬዎቹ ከታች መሆናቸው ቅር ብሏቸው ይሆናል ብሎ ደመደመ። ወዲያው መወጣጫ ሠራላቸው፣ እንዳያንሸራትታቸውም እርብራብ መታበት። አመሻሽ ላይ አንድ በአንድ ተሸክሞ ቆጡ ላይ አስቀመጣቸው። የዳክዬ እግር ለመቅዘፊያ እንጂ ለመጨበጫ አልተሠራምና አንደኛዋ ወደ ፊት፣ ሁለተኛዋ ወደ ኋላ ወደቀች። ሦስተኛዋ ከአንዲት ዶሮ ጋር ተቃቅፋ ወረደች። «ክብር ሲሰጧቸው አይወዱም» አለ፣ ጭዱን ከልብሱ እያራገፈ። በዚያው ሰሞን ሁለቱ አሮጊቶች የብረት አልጋውን እንዲጋሩም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እማማ አሰገደች መልስ አልሰጡም፤ የእሳቸው ዝምታ ደግሞ ከንግግራቸው ይብሳል።

ንግግራቸውም ቢሆን አልቀረም። ሻይ ሲቀርብ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «አንዳንዱ ፍጥረት ውሃ ካላራሰለት አይወርድለትም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ዳክዬዎቹን ማለቴ ነው» ብለው ይጨምሩበታል። ፍራሹ ላይ የተቀመጡት እማማ ብርቄ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ዳቧቸውንም ሳይነክሩ መልሰው ያስቀምጣሉ።

በአንድ ረቡዕ እማማ ብርቄ ወንድይራድን አስጠሩት። «ልጄ፣ ቅዳሜ ዳክዬዎቼን ይዤ ልሂድ። ሐይቃቸው ናፍቋቸዋል።»

«እርስዎ ምን ያደክምዎታል? እኔ አደርሳቸዋለሁ» አላቸው ከልቡ።

ስንዱ ትኩር ብላ አየችው። ጓዳ ድረስ ተከትሏት ሲገባ በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። «ዳክዬ ብቻዋን የምትሄድ መሰለህ?» አለችው። ያን ጊዜ ደነገጠ። ዝዋይ ያለው ቤት ባዶ ነው፤ ቢወድቁ የሚያነሳቸው፣ ቢጠሙ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። እናቷን እዚያ ሸኝታ የምትመለስ ስንዱ የድሮዋ ስንዱ እንደማትሆንም ገባው።

ግን ምን በደልኩ? ትሪው አንድ፣ ጣሪያው አንድ። ግራ ሲገባው ሰው ወደሚያውቀው ይሄዳልና ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደ። ጊዜው ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ የሚወጡበት ነበር። ጎንበስ ብሎ ገባና ዳክዬዎቹ የሚያድሩበት ቦታ ላይ ቁጢጥ አለ፣ ምን እንደሚያከሳቸው ሊያይ። ጥቂት እንደቆየ ኮፍያው ላይ ጠብ የሚል ነገር ተሰማው። ቀጥሎ ትከሻው ላይ። ቀና ብሎ አየ። ዶሮዎቹ ተደርድረው ያንቀላፋሉ፤ አንዷም ክፉ አላሰበችም። ተመችቷት ተቀምጣለች፣ ተፈጥሮዋንም ታደርጋለች። የዳክዬዎቹ ነጭ ጀርባ ግን ዝንጉርጉር ሆኗል። ይህን ቤት የሠራው እሱ ነው፤ ከታች ሆኖ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር። አፈረ።

ሲወጣ ስንዱ በሩ ላይ ቆማለች። «ዘነበ እንዴ?» አለችው።

«ከመጡ ጀምሮ ሲዘንብባቸው ነበር ለካ» አለ። ኮፍያውን ከራሱ ላይ አንስታ ልታጥብለት ወሰደችው።

በማግስቱ ሥራ አልሄደም። ለዳክዬዎቹ ዝቅ ያለ ቤት ሠራ፤ መወጣጫ የለው፣ ቆጥ የለው፣ ደረቅ ጭድ ብቻ። መንቁራቸውን የሚነክሩበት ጠለቅ ያለ ሳፋ ቀበረላቸው፣ ፉርሽካውንም በውሃ ለውሶ ለብቻ አቀረበላቸው። ጣውላ ተረፈው። የተረፈው ጣውላ ደግሞ፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ለአንድ ዝቅ ያለ አልጋ ይበቃ ነበር። ዕቃ ያስቀምጥባት የነበረችውን ክፍል ባዶ አደረጋት፣ ጠረጋት፣ አልጋውንም ዘረጋባት። ከዚያ እማማ ብርቄን እጃቸውን ይዞ አስገባቸው።

አሮጊቷ አልጋውን በእጃቸው ዳሰሱት። «እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉ። «ለብቻ መቀመጡን ግን ዝዋይም አላጣሁት።»

ወንድይራድ ወደ ጓሮ ቢወጣ ዳክዬዎቹ ከአዲሱ ቤታቸው ወጥተው፣ ከዶሮዎቹ በሚለያቸው የወንፊት ሽቦ ላይ ደረታቸውን ለጥፈው ወደ ዶሮዎቹ ያያሉ። ጠግበዋል፣ ደርቀዋል፤ ደስ ግን አላላቸውም። ይህን የሚጠግን ሚስማር እሱ ዘንድ አልነበረም።

ቅዳሜ ማለዳ የዳክዬዎቹ ቅርጫት በረንዳው ላይ ወጣ። ስንዱ የመንገድ ስንቅ ትቋጥራለች። በዚህ መሐል የብረት አልጋው ሲጢጥ ሲል ተሰማ። እማማ አሰገደች በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የሻይ ብርጭቆ ይዘው ወጡ። ዳቦ በብብታቸው ሸጉጠዋል። ወንድይራድ ሊደግፋቸው ቢል ገፉት። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ያየው ያን ቀን ነው። ቅርጫቱን አልፈው እማማ ብርቄ ወደተቀመጡባት ትንሿ ክፍል ገቡ፣ ዝቅተኛው አልጋ ላይ ያለ ማንም እርዳታ ተቀመጡ፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ሻዩ ውስጥ ነከሩና ለእማማ ብርቄ ዘረጉላቸው። እስከዚያ ቀን እርስዎ ሲባባሉ ነው የኖሩት።

«ጠጋ በይልኝ እስቲ» አሉ። «ዶሮም ስታረጅ ቆጥ ይከብዳታል።»