ገና ያልተጻፈለት ስልክ

ዘመድ አዝማድ ሁሉ በአስፋልቱ ሲሄድ ብቻውን ጥሻ የሚጥስ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ለአንዲት ልብስ ሰፊ የደረሳት ታላቅ ወንድሟ ነው። ሙያው ሊፍት መጠገን ነው፤ በሙያውም አይታማም። የሥራ ባልደረቦቹ ግን «ክቡር ሊቀ ስልክ» ነው የሚሉት።

ስልኩ እንደ ሰው ስልክ አይደለም። የውስጡን ፕሮግራም ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ይጨምርበታል፤ ኩባንያ አያዝበትም። ችግሩ የሚጨምርበት ሰው ጥቂት ነው። የባንክ መተግበሪያ አይቀበልም፤ ታክሲ አይጠራም፤ ካሜራው ጤነኛውን ሁሉ የጉበት በሽተኛ ያስመስላል። ቤተሰቡ የሚያወራበት ግሩፕም ስለማይከፈትለት፣ የአክስቱ ልጅ መውለዷን የሰማው ሕፃኑ ጥርስ ሲያበቅል ነው። ቢስቁበት አይቆጣም። መነጽሩን ገፋ አድርጎ «ይቻላል፤ ገና አልተጻፈም እንጂ» ይላል።

እህቱ ግን ሳቁ አልቆባታል። ለሱ የሚላከው መልእክት ሁሉ የሚመጣው በሷ ስልክ ነው። አንድ ቀን የደንበኛ ወገብ እየለካች ሳለ አለቃው ወንድሟን በስልክ ቢያጣው ለሷ ደውሎ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሊፍት ውስጥ መቅረቱን ነገራት። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ሁለት መንገድ ተሻግራ ፈልጋ አገኘችው።

በልደቱ ቀን ደህና ስልክ ገዝታ ሰጠችው። ግንባሯን ስሞ አመሰገነ፣ ሦስት ቀን ይዞት ዞረ፤ በአራተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ አገኘችው።

«ከፍቼ የማላየው ሊፍት ውስጥ ሰው አላስገባም» አላት። «ስልክም ለኔ እንደዛው ነው።»

«ሊፍቱስ ይሄዳል፤ ያንተ ስልክ ግን ምድር ቤት ቆሟል፣ ወንድም ጋሼ» አለችው።

በዚህ መሃል የእናታቸው ዓይን ደከመ። ብቻዋን የምትኖረው እናት ቁጥር መለየት ሲያቅታት ለማታውቀው ሰው እየደወለች ታፍር ጀመር፤ በኋላም ጭራሽ መደወል ተወች። ልብስ ሰፊዋ ያንን የልደት ስልክ ወሰደችላት። ፊደሉን ያጎላል፣ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሚያነበው ግን እናትየዋ በማታውቀው ቋንቋ ነው። በሳምንቱ በፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። «ቤቴ እንግዳ ሰው አስቀመጣችሁብኝ» አለች እናት።

ወንድምየው ለመለዋወጫ ያስቀመጠውን ሁለተኛ ስልኩን አውጥቶ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ሲሠራበት አመሸ። ለእናቱ የማይጠቅመውን ሁሉ ፍቆ ጣለና ስክሪኑን ለሁለት ከፈለው፤ ላይኛው እኩሌታ እህቱን፣ ታችኛው እሱን እንዲጠራ። ጣት ሲያርፍበት ድምፃቸውን እንዲያሰማ፣ ዳግም ሲነካ እንዲደውል ደግሞ ልብስ ስፌት ቤቷ ድረስ ሄዶ፣ የስፌት መኪናውን አስቁሞ፣ እህቱን «እኔ ነኝ፣ እማዬ» አስብሎ ቀዳ። የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ አፈላ። ስልኩ «እኔ ነኝ፣ እማዬ» ማለት ጀምሮ ባትሪው እስኪያልቅ አላቆመም። ስህተቱን አረመ፤ ሌላ ስህተት ወጣ፤ እሱንም አረመ። እህቱ ተወው ብትለው አልሰማም። ሁለት ወር ፈጅቶ ለእናቱ ወሰደላት።

አንድ ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ እጅጌ እየገጠመች ስልኳ ጮኸ። ስምንት ወር ደውላ የማታውቀው እናቷ ነበረች።

«ነካሁሽ» አለቻት እናት። «ድምፅሽን ሰማሁና ነካሁሽ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቁጭ አለች። ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ፣ ስለሆነው ስላልሆነው ረጅም አወሩ። በመጨረሻ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወንድምየውንም ነክታው እንደነበር፣ እሱ ግን እንዳላነሳ ነገረቻት። የሱ ስልክ ከእሁድ ጀምሮ ጥሪ ሲመጣ እንደማይጮህ ልብስ ሰፊዋ አሳምራ ታውቃለች።

«ሥራ ላይ ሆኖ ነው፣ እማዬ» አለች። «ሊፍት ውስጥ ኔትዎርክ የለም።»

ለወንድሟ ስትዋሽለት የመጀመሪያዋ ነበር።