ክቡር ዊብረን ዳኛ ሲመድቡ

ባሕር ዳርቻ ላይ በተቆረቆረ ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ሿሚ የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ከተማ ቡና ቤት ተቀምጦ ሚኒስትር የሚያወርድና የሚሾም ሽማግሌ አለው፤ ሌላው ጋ ነገ ይዘንባል አይዘንብም ብሎ የሚወስን ዓሣ አጥማጅ ይኖራል። እኛ የወደብ ከተማዋ የሃርሊንገን ሰዎች ግን ሁሉንም በለጥናቸው። እኛ ዘንድ ለአውሮፓ ክለቦች የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ዳኛ የሚመድቡ ሰው አሉን።

ክቡር ዊብረን ሁክስትራ ይባላሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የወደባችንን ተነሽ ድልድይ ሠላሳ ዓመት ሲያነሱና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በእርግጥ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከረባት አስረው ዳኛ የሚመድቡ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። ክቡርነታቸውም ሰምተዋል። «ምን ይደረግ፣ የአቅማቸውን ይሞክራሉ» ይላሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። የጥሎ ማለፉ ድልድል በወጣ ማግስት፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ባለ ካሬ ደብተራቸውንና እርሳሳቸውን ይዘው «መልህቅ» ቡና ቤት ይመጣሉ። የቤቱ ባለቤት ባውክዬ ሳይጠይቋት ቡናና አንድ ቁራጭ የስኳር ዳቦ ታስቀምጥላቸዋለች። እሳቸው የሃያ ሁለት ዳኞችን ስም ከላይ እስከ ታች ይደረድሩና፣ «ተከተሉኝ፣ በማጣራት ነው!» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ቡናውን በሰላም የሚጠጣ ሰው የለም።

«ጣልያናዊውስ?» ይላል አንዱ፣ ነገር ለመጫር።

«አንደኛው ክለብ የጣልያን ነው። የራስህን አገር ክለብ አታጫውትም። ወጣ!»

«ኖርዌያዊው?»

«ከስድስት ዓመት በፊት ለሌላኛው ክለብ አሰልጣኝ ቢጫ ሰጥቶታል። ሰውዬው ደግሞ ቂመኛ ነው። ወጣ!»

«ፖርቱጋላዊውስ ምን በደለ?»

«ጨዋታው ግላስጎው ነው፣ ያውም በመጋቢት። ያ ልጅ ብርድ ሲነካው ሁለት ካልሲ ይደርባል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ማን ኳስ ላይ ይደርሳል? ወጣ!»

እንዲህ ሲሰርዙ ሲሰርዙ መጨረሻ ላይ አንድ ስም ይቀራል፤ በእሱ ዙሪያ እርሳሳቸው እስኪሰበር ክብ ይሠራሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ አግኝተውታል። ሲስቱም አይደነግጡም። አንድ ጊዜ ዴንማርካዊ ብለው ስዊድናዊ ሲመደብ፣ «ቤቱን አልሳትኩም፣ በሩን ነው የሳትኩት» ብለው ዳቧቸውን ነከሱ።

ይህ ገለልተኛ ዳኛ የሚሉት ነገር ኳስ ሜዳ ላይ ቢቀር ጥሩ ነበር። የጓደኛችን የሲትሴ ልጅ ያገባች ቀን፣ ጥንዶቹ ቃል ሊገቡ ቆመው፣ ሙሽራዋ እያለቀሰች፣ ክቡርነታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ቄሱ እኮ የሙሽራው አጎት ናቸው» አሉኝ።

«ታዲያ ምናለበት?»

«ከሌላ አውራጃ መምጣት ነበረባቸው!» ይህን ያሉት በሹክሹክታ መስሏቸው ነበር። እስከ ኦርጋኑ ድረስ ተሰማ።

ድልድዩ ላይ ሳሉም አንድ ጀርመናዊ መርከበኛ ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ ከማማቸው ወርደው ቢጫ ካርድ አሳይተውታል። እየቀለድኩ አይደለም፣ እውነተኛ ቢጫ ካርድ፣ ከደረት ኪሳቸው። ሰውዬው አሁንም በየበጋው ይመጣና በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ኮፍያውን ያነሳል።

ግን አትፍረዱባቸው። ክቡር ዊብረን ራሳቸው ዳኛ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአገሪቱ ሁለተኛ ሊግ አጫውተዋል። ያኔ ለውጭ አገር ጨዋታ የሚታጭ ዳኛ በየካቲት መጨረሻ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር፤ እሳቸውም በየዓመቱ ያን ሰሞን፣ ዝናብ ሆነ ንፋስ፣ በራቸው ላይ ቆመው ፖስተኛ ይጠብቃሉ። ፖስተኛው ሲትሴ ነበር።

«የመብራት ወረቀት ይዤለት ስሄድ እንኳ እፈራ ነበር» ይላል ሲትሴ እስከ ዛሬ። «ፊቱን ሳየው ጥፋቱ የኔ ይመስለኛል።»

ደብዳቤው አልመጣም። አርባ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አንድ መጣ፣ «ስለ አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» የሚል። እሱንም ሲትሴ ነው ያደረሰው።

ሃርመን የሚባለው ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሃርመን የከተማችን ክለብ በረኛ ነበር፤ በረኛ ከተባለ። አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ጎል ገባበት። የወዳጅነት ጨዋታ ስለነበር ያን ቀን ያጫወቱት ክቡርነታቸው ነበሩና ከጨዋታው በኋላ መልበሻ ክፍል ድረስ ሄደው፣ «ስማ ልጄ፣ አንተ ኳስ መያዝ አትችልም። ግን የመጨረሻዋ ጎል ከጨዋታ ውጪ እንደነበረች ከኔም ከመስመር ዳኛውም ቀድመህ ያየህ አንተ ነህ። ነገ ጠዋት ና» አሉት።

መጣ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ጠዋት የባሕር መከላከያው ግድብ ላይ፣ በጎቹ መሃል፣ ወደ ኋላ እየሮጠ ፊሽካ ሲነፋ እናየው ነበር። ቅያሪ የሚታይበትን ሰሌዳ አነሳስ እንኳ አስተምረውታል፤ ሰሌዳ ስላልነበራቸው በዓሣ ሳጥን ክዳን። «በሁለት እጅ! ከራስህ በላይ! አትሳቅ፣ አትወዛወዝ! ንፋሱ ይወዛወዝ!» እያሉ ሲጮኹ ከወደብ ይሰማል። እኛ ጀልባ ጥገናው ቤት ሥራ አቁመን እንስቅ ነበር። በጎቹም ሳይስቁ አይቀሩም።

ሳቃችን አላቆየንም። ሃርመን አንደኛ ሊግ ገባ፤ ከዚያ የውጭ ጨዋታ፤ ከዚያ ሩብ ፍጻሜ። ዛሬ አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሊውዋርደን ከተማ አስተማሪ ነው፣ እናም ባለፈው ጥር «በሰኔ ፊሽካዬን እሰቅላለሁ» አለ። አንድ የቀረው ነገር የአውሮፓ ፍጻሜ ነበር። ከዘንድሮ ካለፈ አለፈ።

በዚሁ ዓመት፣ ዕድል ስትቀልድ፣ የአገራችን ክለብ ከስንት ዘመን በኋላ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከተማው አበደ። መርከቦቹ ላይ ባንዲራ፣ የዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ባንዲራ፣ የሲትሴ ውሻ አንገት ላይ ባንዲራ። ክቡር ዊብረን ብቻ ከቀን ወደ ቀን ይጠወልጉ ጀመር። አንድ ጠዋት እጅጌዬን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ፎልከርት፣ ለማንም እንዳትተነፍስ። ለፍጻሜው በማጣራት ሦስት ሰው ቀርቷል። ፖላንዳዊው፣ ሮማኒያዊውና ሃርመን።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል? ደስ አይልም እንዴ!»

«ምኑ ነው ደስ የሚለው! የኛ ክለብ ካለፈ እኮ ሃርመን ወጣ!»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የአገሩ ክለብ ፍጻሜ ከደረሰ ሃርመን ፍጻሜውን ሊያጫውት አይችልም። «እንዴ! አገርዎ እንዲሸነፍ ነው የሚጸልዩት?» አልኳቸው።

«እኔ የምጸልየው ለፍትሕ ነው» አሉና ዓይናቸውን ከባንዲራው ላይ አነሱ።

የመልሱ ጨዋታ ቀን «መልህቅ» ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ክቡርነታቸው የክለቡን ሻርፕ ጠምጥመው መጡ፤ ይሉኝታ አለባቸው። እኛ ወደ ጎል በተጠጋን ቁጥር ጠረጴዛውን ጨብጠው ይገረጣሉ። ባውክዬ፣ «ምስኪን፣ ክለቡን ሲወድ ልቡ ልትቆም ነው» ብላ ውኃ አመጣችላቸው። ጨዋታው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄደ። የመጨረሻዋን የምንመታው እኛ ሆንን፤ ከገባች እንቀጥላለን፣ ካልገባች አበቃ። መቺያችን ተንደረደረ፣ መታ፣ ኳሷ ብረቱን ነክታ ወደ ውጭ ተፈናጠረች።

ቤቱ የሬሳ ቤት ሆነ። ሲትሴ ፊቱን ሻርፑ ውስጥ ቀበረ። በዚያ ሁሉ ዝምታ መሃል አንድ ወንበር ተንኮሻኮሸ፤ ክቡር ዊብረን ሁለት እጃቸውን ወደ ጣራ ሰቅለው ተነሱ።

«አልወጣም! ሃርመን አልወጣም!»

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። እሳቸውም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ግን ምን ዋጋ አለው።

«አንተ ከሃዲ!» አለ ሲትሴ፣ እንባው እየወረደ። «እኛ እናልቅስ፣ አንተ ትጨፍራለህ?»

ባውክዬ ከጠርሙሶቹ ኋላ የሰቀለችውን፣ እሳቸው ራሳቸው በስጦታ የሰጧትን ቀይ ካርድ አውርዳ ከፍ አደረገችው። «ዊብረን፣ ውጣ።»

ክቡርነታቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «ቀይ ያየ ሰው አይከራከርም» አሉና ቀጥ ብለው ወጡ። አምስት ቀን አላየናቸውም። ቡናው ያው ነው፣ ዳቦው ያው ነው፣ ግን «ወጣ!» የሚል ሰው ሲጠፋ ቤቱ ቤት አልመስል አለ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ የፍጻሜው ዳኞች ስም ወጣ። ባውክዬ ከስልኳ ጮክ ብላ አነበበች። ዋና ዳኛ፣ ሮማኒያዊው። የመስመር ዳኞች፣ ሮማኒያውያን። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «አራተኛ ዳኛ፣ ሃርመን ፖስትማ።»

አራተኛ ዳኛ ማለት ሜዳ ዳር ቆሞ ሰሌዳ የሚያነሳው፣ አሰልጣኝ የሚሰድበው ነው።

«ለዊብረን ማን ይነግረዋል?» አለች ባውክዬ።

«እኔ ነኝ የማደርስለት» አለ ሲትሴ። ሲያኮርፍ የሰነበተው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሳ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ እጄን አልፌዋለሁ። ዛሬ አላልፍም።» ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማስታወቂያውን በወረቀት አሳተመ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተ፣ በላዩ ላይ ስማቸውን በጥሩ ጽሕፈት ጻፈ፣ ቤቱ ገብቶም የድሮ የፖስተኛ ቆቡን አደረገ። እኔ ተከተልኩት።

ክቡር ዊብረን በነጠላ ጫማ በሩን ከፈቱ።

«ፖስታ» አለ ሲትሴ።

ቆቡን አዩ፣ ፖስታውን አዩ፣ እኔን አዩ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉ። ቆመው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። እኔ የማጽናኛ ቃል እፈልግ ነበር።

«ፍጻሜው ነው?» አሉ።

«ፍጻሜው ነው።»

«የኛ ሃርመን?»

«የኛ ሃርመን» አለ ሲትሴ። «ትንሽ ዘገየብኝ፣ ዊብረን። ይቅር በለኝ።»

«ሮማኒያዊውን እኮ አልሰረዝኩትም ነበር። ደብተሬን እዩት» አሉና ለቅሷቸውን ለቀቁት። እንዲህ ናቸው፣ እያለቀሱም ልክ ነበርኩ ይላሉ።

የፍጻሜው ቀን ባውክዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። «ቅጣትህ አንድ ጨዋታ ነበር፣ ጨርሰሃል። ግባ» አለቻቸው። ማን ማንን እንዳሸነፈ አትጠይቁኝ፤ ሦስት ጎል ገብቷል ይላሉ። እኛ ዓይናችን የነበረው የሜዳው ዳር ላይ ነው። በሃምሳ ስምንተኛው ደቂቃ፣ በስክሪኑ ጥግ፣ ረጅሙ ሃርመን ሰሌዳውን ይዞ ብቅ ሲል ቤቱ ተናጋ።

«በሁለት እጅ! እዩት፣ በሁለት እጅ!» ጮኸ ሲትሴ። «ንቅንቅ አይልም እኮ!»

የግድቡ ሃርመን፣ የበጎቹ ሃርመን፣ አሥራ አንድ የገባበት ሃርመን፣ ዓለም ሁሉ እያየው። በየቅያሪው እንደ ጎል ጨፈርን። ዘጠናው ደቂቃ አልቆ የጭማሪውን ሰሌዳ ሊያነሳ ሲል ክቡር ዊብረን ከባውክዬ እጅ ትሪ ነጥቀው ከራሳቸው በላይ ቀጥ አደረጉት። ሲትሴ ወንበር አነሳ። እኔ የሾርባ ድስት ክዳን አገኘሁ። ሁሉም ያገኘውን አነሳ፣ በሁለት እጅ፣ ሳይስቅ፣ ሳይወዛወዝ። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት እንግዶች ጸሎት መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

እንዲያ ጎን ለጎን ቆመን ሳለ፣ ብዙ ቀን ሆዴን ሲበላኝ የነበረው ነገር አመለጠኝ። «ክቡር ዊብረን» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ያን ዕለት ኳሷ ብረቱን ስትመታ እኔም ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨብጬ ‹እሰይ› ብያለሁ። ቀዩን ብቻዎን ወሰዱት።»

እሳቸው ዓይናቸውን ከሃርመን ላይ አላነሱም።

«አይቼሃለሁ» አሉ። «ጨዋታው እንዲቀጥል ብዬ ነው ያለፍኩህ። አሁን ክዳንህን ቀና አድርግ፣ ትወዛወዛለህ።»