ሞተሬ ያቆመኝ ለት

ሕልም የሌሊት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? እኔ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ጤና ጣቢያው ደጅ፣ ከሞተሬ አጠገብ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሚስቴን ትርሲትን ምጥ ይዟት ከነጋ ከእናቷ ጋር በባጃጅ አምጥተናታል። እኔ በሞተር ተከትዬ ደረስኩ። አዋላጇ ግን «አባት ውጭ ይጠብቅ» ብላ መለሰችኝ። ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም ነበርና እንቅልፍ ድፍት አደረገኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ግማሽ ሐሳቤ ከሄልሜቴ ጋር ነበር። እኔ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከሞተር አልወርድም። የመጀመሪያው ሄልሜቴ ከሰርግ ቤት ደጅ፣ ሁለተኛው ከለቅሶ ድንኳን ደጅ፣ ሞተሩ ላይ እንዳሰርኳቸው ተወሰዱ። ሦስተኛውን ትርሲት ራሷ ገዛችልኝ። ወፍራም ሰንሰለትና ጓጉንቸር ጨመረችበትና «ስማ ደባልቄ፣ እኔ ልጄን ያለ አባት አላሳድግም። ይሄ ከጠፋ ሞተሩም ከቤቴ ይውጣ» አለችኝ።

በሕልሜ ሞተሬ ጀርባዬ ላይ ተፈናጥጦ ነበር። ቀኝ ጆሮዬን ሲጠመዝዝ እፈጥናለሁ፣ ግራውን ሲጨብጥ እቆማለሁ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ወረደ። ብብቴ ስር ዱላ ደግፎ አቆመኝ፤ ጃኬቴን አውልቆ ለበሰ፤ እግሬን ከብረት አጥሩ ጋር በሰንሰለት አሰረ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«አንተ ሦስተኛዬ ነህ» አለኝ። «አንዱ ሰውዬ ጠጅ ቤት ጠፋብኝ፣ አንዱ ኳስ ሜዳ። ከእንግዲህ አልሸወድም።»

«ሚስቴ እኮ ምጥ ላይ ናት! ልግባ እንጂ!»

«ዕቃ አይገባም። እኔ እገባልሃለሁ።»

ቁልፉን አንገቱ ላይ አጠለቀና በኋላ ጎማው ቆሞ እየተንጎራደደ ገባ። ንዴቴን አትጠይቁኝ!

ዞር ስል ደጁ በቆሙ ወንዶች ተሞልቷል። ፀሐይ እንዳያበላሻቸው ሞተሮቻቸው ላስቲክ አልብሰዋቸዋል። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ጢማቸው ጉልበታቸው ጋ ደርሷል።

«አባቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የቆሙት?»

«የመጀመሪያ ልጄ የተወለደ ለት። ሞተሬ ‘አሁን መጣሁ’ ብሎኝ ገባ። ልጄ ድክ ድክ ሲል በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ሲዳርም ዘፈኑን ሰማሁ። ባለፈው ደግሞ የልጅ ልጄ በፊቴ አለፈና ‘ይሄ የማን ዕቃ ነው?’ አለ።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? ዕቃ ይናገራል?»

ሰንሰለቱን ብጎትት፣ ብነክስ፣ ወይ ፍንክች!

በዚህ መሃል አንድ ከረባት ያሰረ ሰው መጣ። ደረቱ ላይ በለጠፈው መታወቂያ «ሌባ» ተብሎ ተጽፏል። ጉንጬን ጫን ጫን አደረገና «ጎማው ደህና ነው» አለ። የዓይኔን ቆብ ገልጦ ደግሞ «መብራቱ ግን ደክሟል» አለ።

«የኔ ጌታ፣ በናትህ ስረቀኝ!» አልኩት። «ሩቅ አይደለም፣ እዚያ ክፍል ድረስ ብቻ።»

«የባለንብረቱ ደብዳቤ አለህ?»

«ሌባ ደግሞ የምን ደብዳቤ ይጠይቃል?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድሜ፣ እኔ ስም ያለኝ ሌባ ነኝ። ባለቤቱ ያልፈቀደውን ነክቼ አላውቅም» አለና የሽማግሌውን ላስቲክ አስተካክሎላቸው ሄደ።

ወዲያው ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። አዋላጇ «አባት ማነው?» ስትል ሞተሬ «ጲጵ!» አለ። «እንኳን ደስ አለህ!» አሉት። እልልታው ቀለጠ።

«ኧረ አባቱ እኔ ነኝ!» ልል አፌን ብከፍት የወጣው «ጲጵ!» ብቻ ሆነ።

ሽማግሌው አዝነው አዩኝ። «ትለምደዋለህ» አሉኝ።

ባለ በሌለ ኃይሌ እግሬን ስስብ ነቃሁ።

አማቴ እትዬ ዘነቡ ትከሻዬን ይነቀንቃሉ። «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ተነስ እንጂ! ተገላገለች እኮ! ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!»

እፎይ! ሞተሬ እንደ ሞተር ዝም ብሎ ቆሟል። ጃኬቴም ላዬ ላይ ነው። ተመስገን እያልኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ብድግ ብዬ ልሮጥ ስል ግን በአፍጢሜ ተደፋሁ። እግሬ ታስሯል።

ማን አሰረኝ? ራሴ ነኛ! መናኸሪያ ስናድር ሻንጣችንን ከእግራችን ጋር እናስር የለ? እንደዚያው፣ ሌባ ሲጎትተው እንድነቃ ብዬ ሰንሰለቱን በሄልሜቱ፣ በጎማውና በቁርጭምጭሚቴ አዙሬ ጓጉንቸሩን ቀርቅሬዋለሁ። ቁልፉስ? ኪሴ ቀዳዳ ስለሆነ ጠዋት «ያዢልኝ» ብዬ ለትርሲት ሰጥቻታለሁ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ዘነቡ። ሊቆጡኝ ጀምረው ሳቅ አሸነፋቸው። ቁልፉን ሊያመጡ ተመልሰው ገቡ፣ ግን ቆዩ። ለካ ትርሲት «እኔው ራሴ ነኝ የምፈታው» ብላ ቁልፉን ከልክላቸዋለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ የአላፊ አግዳሚው መሳቂያ ሆንኩ። ጥበቃው እንኳ «ወንጀሉ ምንድን ነው?» እያለ ሁለቴ መጣብኝ።

አባት አራስ ሊጠይቅ ይገባል እንጂ አራስ አባት ልትጠይቅ ስትወጣ ያየ አለ? ትርሲት ነጠላዋን ተከናንባ፣ በአዋላጇ ክንድ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች መጣች። እትዬ ዘነቡ ከኋላዋ ልጅቷን ታቅፈዋል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት፣ መሬት ላይ እንዳለሁ።

ትርሲት ልጅቷን ከእትዬ ዘነቡ ተቀብላ እቅፌ ውስጥ አደረገቻት። እንዴት ትቀላለች! ከዚያ ቁልፉን ይዛ ከላይ አየችኝ።

«ሄልሜቱ አለ?»

«አለ።»

«አንተስ?»

«አለሁ» አልኳት። ያኔ ቁልፉን አዞረችው።