የሲታኩ ምክትል አሰልጣኝ

አሰልጣኝ ልምከር የማይል ወንድ እስካሁን አልተወለደም። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ላቡን ሲያፈስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሚቆጣ አንድ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለእኛ ለሲታኮች፣ አሜሪካ ሲያትል አጠገብ ለምንኖር ሐበሾች፣ የደረሱን ጋሽ ሕዝቅኤል ናቸው።

ጋሽ ሕዝቅኤል ኤርፖርት አጠገብ የፓርኪንግ ካሸር ናቸው። በፈረንጆቹ 1999 የሲያትሉ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሲሃውክስ አዲስ አሰልጣኝ ሲቀጥር እሳቸውም ራሳቸውን ምክትል አድርገው ቀጠሩ። ሰውዬው ሜዳ ዳር ቆሞ በፕላስቲክ የተለበጠ የጨዋታ ፕላን ወረቀት ይዞ፣ ሲናገር በእሱ አፉን ሲሸፍን በቴሌቪዥን አዩ። በሳምንቱ የራሳቸውን ወረቀት አስለበጡ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ የሚሰጡን አፋቸውን ሸፍነው ሆነ።

«እጅግዬ፣ ነገሩ ፕላን ነው» ይሉኛል። «አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ ቦታ። ሁሉም ቦታውን ካወቀ ማን ይነካሻል?»

ሆቴል ክፍል ሳጸዳ ውዬ፣ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው የምሰማቸው። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ መስቀል ሳይደርስ በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መሄድ ግዴታ መሆኑን አስጠኑኝ።

አንድ ሠርግ ላይ የምግቡን ሰልፍ በግራና በቀኝ ከፍለው ሰው ከሰው አጋጩ፤ የሙሽራው አጎት ላይ ወጥ ፈሰሰ። «ዲፌንሱ ደካማ ነበር» አሉ። ጎረቤታችን ሀዋ ቤት ስትቀይር ደግሞ ሶፋ እንዲያወጡ አራት ወንዶች አሰለፉ። ወንዶቹ ተቃቅፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመካከሩ እኔና ሀዋ ሶፋውን አወጣነው።

ሲሃውክስ ከአሥር ጨዋታ ስምንቱን ሲያሸንፍ አልቻልናቸውም። «ሰውዬው ይሰማኛል» ይሉ ነበር። ከዚያ ቡድኑ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። «አሁን መስማት አቁሟል» አሉ።

አንድ ዓርብ፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ የሣህሊቱ ወንድም ከደሴ ለጋሽ ሕዝቅኤል ደወለላቸው። አባቷ ዐርፈዋል። ሣህሊቱ ሆቴሉ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ፣ እዚህ አገር ዘመድ የሌላት ልጅ ናት። ብቻዋን ሆና በስልክ እንዳትሰማው ፈራን። መርዶው ሰኞ ማለዳ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲነገራት ወሰንን። የቀረው ችግር የጋሽ ሕዝቅኤል አፍ ነበር። የሀዋን እርግዝና ከባሏ ቀድመው ያወሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ብቻ» አለቻቸው ሀዋ።

«እኔን ነው?» ብለው ተቆጡ።

እሑድ ቡድኑ ዴንቨር ሄዶ ሲጫወት፣ ጋሽ ሕዝቅኤል ጨዋታውን ለማየት ሣህሊቱ ቤት ገቡ። ለመጠበቅ ተከተልኩ፤ እሳቸውን ማለቴ ነው። «ይሄ ቴሌቪዥን ጥራት የለውም» ብለው ከጀርባው ገቡና ሽቦ ሲነካኩ ቆዩ። ሲወጡ የቤቷ ስልክ ገመድ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ቆይ፣ እርስዎ ቤት ቴሌቪዥን የለም?» አለች ሣህሊቱ።

«አለ። የሚሰማኝ ሰው የለም እንጂ።»

ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ሣህሊቱ «ለወንድሜ ኮል ላድርግ» ብላ በተነሳች ቁጥር «ቁጭ በይ፣ አራተኛ ሙከራ ነው!» ይሏታል። የዚያን ቀን ሙከራው ሁሉ አራተኛ ሆነ። ሲሃውክስ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ። ከጋሽ ሕዝቅኤል አፍ ግን አንዲት ነገር አላመለጠችም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ በዝናብ፣ አፓርትመንቷ ፓርኪንግ ውስጥ ተገናኘን። ከሩቁ ከማውንትሌክ ቴራስ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ሀዋ የረመዳን ሱሑሯን በልታ በቀጥታ መጣች። ጋሽ ሕዝቅኤል ክብ ሠርተን እንድንቃቀፍ አዘዙ፤ ተቃቀፍን።

«ሶ፣ ሀዋ በቀኝ። ራሷን ስትጥል ትይዣታለሽ። እጅግዬ በግራ። እኔ መሀል። የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በፊት ማንም እንዳያለቅስ። ኦኬ?»

«ኦኬ» አልን። የሳቀ የለም።

አንኳኩ። ሣህሊቱ በሌሊት ልብሷ ከፈተች። አንድ በአንድ አየችንና እሳቸው ላይ ቆመች። «ጋሽ ሕዝቅኤል?»

አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። ደጃፉ ላይ ሲወድቁ ቀድማ የያዘቻቸው ሣህሊቱ ናት።

«አባዬ ነው?» አለች፣ እንደታቀፈቻቸው።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። እኔና ሀዋ በግራና በቀኝ ቆመን የምንይዘው ሰው አጣን።

«ፕላኑ ልክ ነበር፤ አፈጻጸም ነው የጎደለን» አሉኝ በሣልስቱ። ሲሃውክስ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለጥሎ ማለፉ ሲደርስም የእሳቸው ምክር ነው አሉ። አልተከራከርኳቸውም።

እናቴ ጎንደር ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ። የእሷ ቀን ደርሶ በሬ ሲንኳኳ ጋሽ ሕዝቅኤልን ከፊት እንዲያቆሟቸው ለሀዋ ከአሁኑ ነግሬያታለሁ። እኔም ያን ጊዜ የምይዘው ሰው ያስፈልገኛል።