ስድስት መቶ ሰው ያለበት ክፍል

[ኔብራስካ፤ አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፤ የትምህርት አዳራሽ በር ላይ። ትሮይ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኮልቢ ከእርሻ ቤታቸው ትናንት ነው የመጣው። እዚህ ይግባ ወይስ በከተማቸው ያለው ትንሽ ኮሌጅ፣ ዛሬ ሳይመሽ መልስ መስጠት አለበት።]

ትሮይ፦ አንተ ልጅ፣ ሰላምታውን አቁም ብዬሃለሁ!

ኮልቢ፦ ታዲያ ሰው ሲያልፍ ዝም ልበል? እማዬ ብትሰማስ?

ትሮይ፦ የአሥር ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀብን! ያንን ባለብስክሌት ሮጠህ ደረስክበት እኮ!

ኮልቢ፦ መጀመሪያ ስጠራው አልሰማኝማ።

ትሮይ፦ እዚህ ያለው አርባ ሺህ ተማሪ ነው! ሁሉንም ሰላም ብለህ ሳትጨርስ ጡረታ ትወጣለህ።

ኮልቢ፦ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሻለሁ። ለግማሽ ቀን መጥፎ አይደለም።

ትሮይ፦ ስማኝ ወንድሜ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላንተ አይሆንም። እዚህ መኖር ብልጠት ይጠይቃል። አንተ የከተማችን ኮሌጅ ግባ። ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው፣ መምህሩ ስም ይጠራል፣ ሰው አይጠፋም። አይዞህ፣ ትለምደዋለህ።

ኮልቢ፦ እዚያ የአፈር ትምህርት የለማ! እኔ ደግሞ ከሱ ሌላ ምንም አያምረኝም።

ትሮይ፦ የአፈር ትምህርት? ይኸው በሩ! ስድስት መቶ ሰው ነው የሚማረው። መምህሯ ከሩቅ ስትታይ ጉንዳን ነው የምታክለው። አንተንም የምታይህ እንደ ጉንዳን ነው።

ኮልቢ፦ [ፊቱ ጠቁሮ] እና ማን እንደመጣ በምን ታውቃለች?

ትሮይ፦ [ከኪሱ ትንሽ ሪሞት አውጥቶ] በዚህ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አለው። ትጠይቃለች፣ ቁጥር ትጫናለህ፣ ስምህ ይመዘገባል።

ኮልቢ፦ ሪሞቱ ስምህን ያውቀዋል፤ እሷ ግን አታውቀውም?

ትሮይ፦ አሁን ገባህ! በል የኔን ይዘህ ግባና ተጫንልኝ፤ እኔ ፒዛ ልብላ። ስድስት መቶ ሰው ስታይ ደንግጠህ ትወጣለህ።

ኮልቢ፦ ምኑን ነው የምጫነው?

ትሮይ፦ ምኑን ትላለህ? እውነቱን ነዋ!

[ከአንድ ሰዓት በኋላ። ትሮይ በሩ አጠገብ ፒዛውን ይበላል። ኮልቢ ጎማ ያለው ትልቅ የቆሻሻ በርሜል እየገፋ ይወጣል። በርሜሉ ጢም ብሎ በሪሞት ተሞልቷል።]

ትሮይ፦ ምን ጉድ ነው ይሄ?

ኮልቢ፦ በር ላይ ሰላም ያልኳቸው ልጆች ሰጡኝ። «ልትገባ ነው? እንግዲያው የኔንም ያዝልኝ» አሉኝ። አንዷማ የአርባ ሰው ይዛ ነበር፤ ከነቦርሳው ሰጥታኝ ሄደች።

ትሮይ፦ ውስጥ ስንት ሰው ነበር ታዲያ?

ኮልቢ፦ እኔ።

ትሮይ፦ ሌላስ?

ኮልቢ፦ ፕሮፌሰር ሊንድግሬን። ከመድረኩ ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። ደግሞ ጉንዳን አያክሉም፣ ረጅም ሴትዮ ናቸው። የታችኛው ማሳችን ለምን ውሃ እንደሚያቁር ጠየቅኳቸው፣ ሥለው አስረዱኝ። «ተማሪ ከጠየቀኝ ስንት ዓመቴ!» ብለው አለቀሱ። ሳንድዊቻቸውንም ገመሱልኝ።

ትሮይ፦ ሳንድዊቹን ተወው! ተጫንክልኝ ወይ?

ኮልቢ፦ እንዴታ! ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። «አሁን ክፍል ውስጥ ካለህ አንድ፣ ከሌለህ ሁለት ተጫን።»

ትሮይ፦ [ማኘኩን አቁሞ] እና የኔን…?

ኮልቢ፦ ሁለት። አልነበርክማ።

ትሮይ፦ ወይኔ ጉዴ! የሌሎቹንስ?

ኮልቢ፦ ሁሉንም ሁለት። ጣቴን እየው፣ አብጧል።

ትሮይ፦ አለቀልኝ! አምና አስፈርመውኛል እኮ! ደግመህ ከክፍል ከቀረህ ትባረራለህ ተብያለሁ!

ኮልቢ፦ እኔስ ወስኛለሁ፣ እዚሁ ነው የምገባው። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ መምህሯም ስሜን ያውቃሉ።

[ፒዛው ከትሮይ እጅ ይወድቃል።]

ትሮይ፦ ኮልቢዬ… የከተማችን ኮሌጅ ምዝገባው አልተዘጋም አይደል?

ኮልቢ፦ እስከ ማታ አለ። ለኔ የያዙት ቦታም ክፍት ነው።

ትሮይ፦ እዚያ… ሪሞት ይጠቀማሉ?

ኮልቢ፦ [ትከሻውን መታ መታ እያደረገ] የለም፤ መምህሩ ስም ይጠራል፣ ሰው አይጠፋም። አይዞህ፣ ትለምደዋለህ።