ሠላሳ ሦስት ይሁን

መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ይነዳል፤ በየሰፈሩ ግን መኪናውን የሚያስታምም አንድ ሰው አይጠፋም። የዚህኛው ሰፈር አስታማሚ የእማማ አማች ነው። ጎረቤቱ «አቶ ባትሪ» ይለዋል።

መኪናው በባትሪም በቤንዚንም የሚሄድ፣ እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚያድር ሀይብሪድ ነው። በጉብዝናው ጊዜ በባትሪ ብቻ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አምስት ከሄደ እሰየው ነው። ከዚያ የቤንዚኑ ሞተር ያጓራል። አቶ ባትሪም መርዶ እንደሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ «ገባ!» ይላል።

ባትሪውን ለማዳን የማያደርገው የለም። ክብደት እንዲቀንስ ብሎ ከኋላ ጃንጥላ ሳይቀር አውርዷል። እንግዳ ሊሳፈር ሲል ኪሎውን ይጠይቃል። ማሞቂያ ማብራትማ ነውር ነው። ሚስቱ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣

«አንተ ሰው፣ ያገባኸው እኔን ነው ባትሪውን?» ትለዋለች።

«ሹራብ ደርቢ። ማሞቂያ ኪሎ ሜትር ይበላል።»

የክቡር ባትሪው ኪሎ ሜትር መዝጋቢ የሚስቱ እናት እማማ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ፣ «እጅዎን ያፍታታል» ብሎ ደብተሩን የሰጣቸው እሱ ነው። ሞተሩ ሲገባ እሱ ቁጥሩን ይጠራል፤ እሳቸው ይጽፋሉ። «አስተያየት» የሚለውን ዓምድ ግን ቤት ሲገባ ራሱ ይሞላዋል። የእሱን የተጫጫረ ጽሑፍ ለማንበብ እማማ ደፍረው አያውቁም።

ማክሰኞና ሐሙስ ጉልበታቸውን ወደሚታከሙበት ያደርሳቸዋል። የአውቶቡስ ደረጃ መውጣት ካቃታቸው ቆይቷል። የሚገርመው፣ በእነዚያ ቀናት መኪናው ውስጥ ይሞቃል።

«ይኼ ሙቀት ከየት መጣ ልጄ?»

«ፀሐይዋ ነች እማማ።»

ውጭ ዶፍ ይወርዳል።

አንድ ረቡዕ ለሚስቱ፣ «ከሠላሳ ከወረደማ አበቃለት፤ እሸጠዋለሁ» ሲል እማማ ሰሙ። በማግስቱ ወደ ሕክምና ሲሄዱ ሞተሩ ከወትሮው ቀድሞ አጓራ።

«ገባ! ሃያ ስምንት፣ እማማ።»

ይህ መኪና ከተሸጠ ማን በምን ሊያደርሳቸው ነው? ሠላሳ ሦስት ብለው ጻፉ።

ሰውየው ለግማሽ ኪሎ ሜትር ከመካኒክ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከር ነው። እማማ «አይቶብኝ ይሆን?» እያሉ እስከ ማክሰኞ ሲብሰለሰሉ ሰነበቱ። ማክሰኞ ጠዋት እሱ ገመዱን ከሶኬት ሲነቅል፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለው መነጽራቸውን አደረጉና አስተያየቱን ፊደል በፊደል ለቀሙት።

«ሐሙስ። እማማ 33 ብለዋል፤ 33 ይሁን። ባትሪው ደህና ነው። የበላው ማሞቂያው ነው። ጉልበታቸውን ብርድ እንዳይነካው።»

ወደ ኋላ ገለጡ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሁሉም ላይ «ማሞቂያ» ይላል።

ገብቶ መሪውን ያዘ። እማማ ደብተሩን ጭናቸው ላይ አደላደሉ።

«ፀሐይዋ ዛሬም አለች ልጄ?»

«አለች እማማ» አለ፣ ወደጠቆረው ሰማይ ቀና ሳይል።

መንገድ ላይ ሞተሩ አጓራ። «ገባ! ሃያ ዘጠኝ።»

እማማ ሃያ ዘጠኝ ብለው ጻፉ። ቀጥለውም የእሱ ብቻ በሆነው ዓምድ ውስጥ፣ መኪናው እየናጣቸው፣ በጎባጣ ፊደል፣ «ሞቆኛል። ተባረክልኝ» ብለው አከሉ።