ፊታውራሪው የመርከብ ክፍል ሲመርጡ

ፊት ካልተቀመጡ የማይሆንላቸው ሰዎች በሽተኞች ናቸው። ሐኪም እስካሁን ስም አላወጣለትም እንጂ በሽታ ነው፤ ያውም ከታማሚው ይልቅ አብሮት የሚኖረውን የሚያሠቃይ። በየቤተሰቡ አንድ አለ። በእኛ ቤተሰብ የለም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ዘመዶቹን በደንብ አላያቸውም፣ ወይ ራሱ ነው።

አናጺው በዚህ ጉዳይ ምስክር ለመሆን የሚያንሰው ነገር የለም፤ የእሱ ቤተሰብ በሽተኛ የእህቱ ባል ናቸውና። ስማቸው ሌላ ነው፣ ዘመድ አዝማዱ ግን «ፊታውራሪ» ይላቸዋል። ጦር መርተው አያውቁም። ታክሲ ግን ይመራሉ። ከሹፌሩ ጎን ካልሆነ አይሳፈሩም፤ ከተሳፈሩ በኋላ ደግሞ በቀኝ እግራቸው ወለሉን እየረገጡ የሌለ ፍሬን ይይዛሉ። አንድ ሹፌር «አባባ፣ ወለሉን ሳይበሱት እግርዎን ቢያሳርፉልኝ» ብሎ ለምኗቸዋል። በወላጆች ስብሰባ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀመጡና ተናጋሪው ሰላምታውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጭንቅላታቸው ወደ ፊት እየወደቀ ሲነሣ ተናጋሪው የሚስማሙ ይመስለውና ንግግሩን ያረዝማል፤ ኋላ የተቀመጠው ሕዝብ በሳቸው እንቅልፍ ምክንያት አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይቀጣል።

የአናጺው ልጅ ሠርግ ላይማ የሆነው አይነሣ። ቁመታቸው የበር መቃን የሚያህለው ፊታውራሪ በቤተሰቡ ፎቶ ላይ መሃል ፊት ቆመው ተገኙ። ከትከሻቸው ኋላ የሙሽራው የግራ ጆሮ ብቻ ይታያል። ልጅቷ ማንን እንዳገባች እስከ ዛሬ የፎቶ ማስረጃ ማቅረብ አትችልም።

«ጋሼ፣ ምናለ ትንሽ ወደ ጎን ቢሉ?» አናጺው ቢላቸው፣

«እኔ የሰው ማጅራት ለማየት አልተፈጠርኩም!» አሉት። ሁልጊዜም መልሳቸው ይኸው ነው።

ይሁን። ይህን ሁሉ አናጺው ችሎ ኖሯል። የመርከቡን ነገር ግን ሊችለው አልቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ቆማ አንሶላ ስትተኩስ ኖራ ጡረታ ወጣች። ልጆቿ ተሰባስበው «እናታችን፣ ምን እናድርግልሽ?» ቢሏት፣ «ቁጭ ብዬ ውሃ ማየት ነው የምፈልገው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ልጆቹም የሰባት ቀን የመርከብ ሽርሽር ለሁለት ሰው አዘጋጁላት። ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የቀረው ክፍል መምረጥ ነበር። አናጺው ሥራውን ጥሎ አብሯቸው ወደ ትኬት ቢሮው ሄደ፤ ምክንያቱም በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት በመርከብ ጥገና ግቢ ውስጥ የመኝታ ክፍሎችን በር ሲሰቅልና አልጋ ሲገጥም ኖሯል። የመርከብ ክፍል ከገዛ ቤቱ ጓዳ ይልቅ ያውቃል።

ቢሮዋ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ የመርከብ ሞዴል። ፊታውራሪ ወንበራቸውን ጉልበታቸው ጠረጴዛውን እስኪነካ ጎተቱና የትኬት ሻጯን ወረቀት በተቃራኒው በኩል ሆነው ማንበብ ጀመሩ።

«በረንዳ ካላቸው ሁለት ክፍሎች ቀርተውኛል» አለች ትኬት ሻጯ፣ የመርከቡን ፕላን እየዘረጋች። «አንዱ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ አፍንጫው ጋ፣ ፊት ለፊት የሚያይ። ሌላው ስድስተኛ ፎቅ መሃል ላይ፣ ወደ ጎን የሚያይ። ዋጋቸው...»

«የመጀመሪያው!» አሉ ፊታውራሪ።

«ጋሼ፣ ቆይ እንጂ።»

«እስከ መቼ ልቆይ? መርከቡ እስኪሄድ?»

አናጺው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና ፕላኑ ላይ የመርከቡን አፍንጫ ነካ። «እዚህ ቦታ እኔ በር ሰቅያለሁ። መርከቡ ሲሄድ ንፋሱ የሚመታው በቀጥታ ነው። ጣት የሚያህል ማጠፊያ ገንጥሎ ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ። ንፋስ ሲበረታ ሠራተኞቹ መጥተው የበረንዳውን በር ይቆልፉታል። በረንዳ አለን ብላችሁ በመስኮት ልታዩት ነው።»

«እሱ ኮት ለሌለው ሰው ነው።»

«በጎን በኩል ያሉት በረንዳዎች መከለያቸው መስታወት ነው። የፊቱ ግን ብረት ነው፤ እስከ ደረት ይደርሳል። ቁጭ ያለ ሰው የሚታየው ነጭ ቀለም የተቀባ ብረት ነው። ውሃ ለማየት መቆም አለባችሁ።»

«እንቆማለና! እግር የለንም?»

አናጺው እህቱን አየ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቆሙት እግሮች ከወንበሩ ሥር ተጣምረው ተቀምጠዋል።

«የካፒቴኑ መሪ ክፍል ደግሞ ከላያችሁ ነው። ብርሃን እንዳያስቸግረው ሲመሽ መጋረጃ ዝጉ ይሏችኋል።»

እዚህ ላይ አናጺው ትልቅ ስሕተት ሠራ። ፊታውራሪ ፊታቸው በራ።

«ካፒቴኑ ከላያችን? ጎረቤታሞች ነን በለኛ!»

አናጺው ደሙ ፈላ። ከጠረጴዛው ላይ የትኬት ሻጯን ማስመሪያ አነሣ፣ እርሳሱን ከሥሩ መሃል ላይ አጋደመ፣ ላጲሷን ደግሞ ጫፉ ላይ አስቀመጠ። «ይኸው መርከቡ። ማዕበል ሲመጣ መሃሉ ያለበት ነው። ጫፉን ተመልከቱ።» ሌላኛውን ጫፍ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ላጲሷ ተፈናጥራ የፊታውራሪ ደረት ላይ አረፈች።

ፊታውራሪ ላጲሷን አንሥተው ግራና ቀኝ አገላበጧት። «ይቺ እንግዲህ ሚስቴ መሆኗ ነው?»

«አዎ! እርሷ ናት! ከከተማ ወጣ ስንል ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፌስታል የምትይዝ ሰው ናት! አውቶቡስ ያልቻለች፣ ያንን ልትችል ነው? እትዬ፣ አንቺስ ተናገሪ እንጂ!»

እህቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «እኔ ምን አውቃለሁ። ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። እሱ ደስ ካለው።»

ፊታውራሪ ፈረሙ። ትኬት ሻጯ እስከ ነገ እኩለ ቀን መቀየር እንደሚቻል፣ ከዚያ በኋላ ግን የተሳፋሪዎች ዝርዝር ስለሚዘጋ እንደማይቻል አስረዳች።

«እኔና መቀየር!» አሉ ፊታውራሪ፣ ከሁሉም ቀድመው በሩን እየወጡ።

አናጺው ወደ ሥራ ቤቱ ተመልሶ መላጊያውን አነሣ። እንጨቱን ሳይሆን ፊታውራሪን ነበር የሚልገው። «እግር የለንም ወይ ይላል እንዴ! የማን እግር ነው? የማን ጡረታ ነው? ጎረቤታሞች ነን! ካፒቴኑ ቡና ሊጠራው ነው!» እያለ ሲገፋ ሲገፋ፣ የደንበኛ በር በሁለት ሚሊ ቀጥኖ ተገኘ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ይህም ወንጀል በፊታውራሪ ላይ ተደመረ።

መላጊያውን ወርውሮ ለእህቱ ደወለ።

«እትዬ፣ እምቢ በይ። ዛሬውኑ እምቢ በይው።»

«ደስ ብሎታል እኮ። እንዲህ ደስ ሲለው መቼ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሁልጊዜ! ታክሲ ሲሳፈሩ እንዲሁ ነው ደስ የሚላቸው!»

«ሎሚ እይዛለሁ። ሎሚ ሳሸት ይተወኛል።»

«የሰባት ቀን ሎሚ? በጆንያ ነው የምትይዢው?»

«በጆንያም ይሁን። ተወው በቃ፣ ወንድምዬ።» ስልኩን ዘጋች።

አናጺው ተግባራዊ ሰው ነው። የተጣመመ በር ሲያይ ቁጭ ብሎ አያለቅስም፤ ያወርደውና ያቃናዋል። ስለዚህ ወሰነ። በማግስቱ ቢሮው ሲከፈት ሄዶ፣ እኔ ወንድሟ ነኝ፣ የጤና ጉዳይ አለ ብሎ ክፍሉን ራሱ ያስቀይራል። ፊታውራሪ የሚያውቁት መርከቡ ላይ ሲወጡ ነው። ከዚያ ይጩሁ፤ ባሕር ላይ ማን ይሰማቸዋል! ሲነጋም መንገዱን ሁሉ ንግግሩን ሲያጠና ሄደ። ልጅቷ እምቢ ብትል የሚለውንም፣ ከእምቢታዋ በኋላ የሚለውንም አዘጋጅቷል።

ትኬት ሻጯ ገና ሲገባ አይታው ሣቋን ያዘች።

«ስለ ክፍሉ ከሆነ የመጡት ዘግይተዋል።»

«እንዴት ዘገየሁ! እኩለ ቀን ነው ያልሽው! ገና ሦስት ሰዓት...»

«ኧረ አይቆጡ። ቀድመውዎት መጥተዋል ማለቴ ነው። እኔ ቢሮ ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆመው ነው ያገኘኋቸው፤ አፍንጫቸው ቁልፉን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ክፍሉን ቀይረውታል። ስድስተኛ ፎቅ፣ መሃል።»

አናጺው ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠ።

«ማን? እሳቸው?»

«እሳቸው። ‹ሚስቴ ከዚህ ከወጣን ጀምሮ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ትላለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ጥሩ ነው ሁለት ጊዜ ካለች ጥሩ አይደለም› አሉኝ።» ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወረቀትም ይዘው ነበር። ባለቤታቸው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከወለሉ እስከ ዓይናቸው ስንት እንደሆነ ለክተው ጽፈዋል። ለመጋረጃ ነው ብዬ ነው የለካኋት አሉ። ከዚያ የዚያን የብረት መከለያ ቁመት ጠየቁኝ። ደውዬ አጣራሁላቸው። ብረቱ በልጦ ተገኘ። ‹እንግዲያው ልክ ነው ያ ልጅ› አሉና ፈረሙ።»

«ያ ልጅ» የተባለው አናጺ አምሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«ግን ለወንድሟ እንዳትነግሪ ብለውኛል። ‹ካወቀ እስክቀበር ድረስ ሲያወራብኝ ይኖራል› ነው ያሉት።»

አናጺው ወጥቶ መንገድ ዳር ቆመ። ያጠናው ንግግር አፉ ውስጥ ቀረ፤ የመጣበት ንዴትም የሚያርፍበት አጣ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደው። ሰው እንዴት በማፈግፈግ እንኳ ይቀድማል? አንድ ጊዜ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ፣ እህቱን እሱ ቢያድናት ምን ነበረበት?

እሑድ ቤተሰቡ ለመሸኛ ምሳ በፊታውራሪ ቤት ተሰበሰበ። ምላሷ ከመጋዝ የማይሻለው አክስትም ነበረች። ገና ሰሃኗ ሳይሞላ ጀመረች።

«እህሳ ፊታውራሪ! መርከቡ ላይስ ፊቱን ያዙት፣ ወይስ እንደ እኛ ከሰው ጋር ነው?»

ፊታውራሪ ብርጭቋቸውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። የኮሌታቸውን ቁልፍ ነካኩ።

«እእ... እንግዲህ... መርከብ እኮ...»

«ኧረ ጉድ! አልሆነም መሰለኝ!» አክስት እጇን አጨበጨበች። «ፊታውራሪ ኋላ ቀሩ በሉኛ! ዛሬስ ማጅራት ሊያዩ ነው!»

ሣቁ ከጠረጴዛው ዳር ተነሣ። አናጺው የሠላሳ ዓመት ቂም አፉ ላይ መጥቶለታል። ሙሽራው አለ፣ በሩ አለ፣ ላጲሷ አለች። አንዲት ቃል ብቻ ቢናገር ፊታውራሪ ከዚህ ጠረጴዛ ተነሥተው ዳግመኛ ፊት ወንበር ላይ አይቀመጡም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስምንተኛ ፎቅ ናቸው» አለ። «አፍንጫው ላይ። ፕላኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሳቸው ፊት ያለው ባሕር ብቻ ነው።»

ፊታውራሪ ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ። እህቱም አየችው፤ ከዚያ ባሏን፤ ከዚያ የወደቀ ነገር ያለ ይመስል ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ትከሻዋ በሣቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አንተ አይደለህ እንዴ ንፋሱ በር ይገነጥላል ስትል የሰነበትከው?» አለች አክስት።

«ተሳስቼ ነው። የአሁኖቹ በሮች ጥሩ ናቸው።» በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስለ በር ሐሰት ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሰማችሁ!» አሉ ፊታውራሪ፣ ነፍሳቸው እየተመለሰች። «ባለሙያ ነው የተናገረው! ካፒቴኑም ከላያችን ነው። አይደለም እንዴ አንተ ልጅ? ንገራቸው እንጂ!»

«አዎ፣ ጋሼ። ከላይ ነው።»

«ማለዳ ማለዳ ሰላምታ እንለዋወጣለን!»

«ትለዋወጣላችሁ» አለ አናጺው፣ ጥርሱን ነክሶ። እኚህ ሰው የእውነት ዓይነ ደረቅ ናቸው። አንድ ውሸት ቢያበድራቸው ቤት ሊሠሩበት ነው!

አክስት ግን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። «እንግዲያው እኔም ወደቡ ድረስ እሸኛችኋለሁ» አለች። «ከታች ቆሜ ፊት በረንዳችሁ ላይ ስትቆሙ አይቼ፣ እጄን አውለብልቤ ነው የምመለሰው።»

ፊታውራሪ እንደገና ኮሌታቸውን ነኩ። ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል።

«ከወደቡ ፊቱ አይታይም» አለ አናጺው፤ ይህን ጊዜ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «መርከብ ሲቆም ለሰው ጀርባውን ነው የሚሰጠው።»

«ጀርባውን ነው የሚሰጠው» ብለው ደገሙ ፊታውራሪ፣ በታላቅ ግርማ።

አናጺው ዘጠኝ ዓመት መርከብ ላይ ሠርቷል፤ ለሰው ጀርባ መስጠት የሚባል ሕግ ያለው መርከብ አይቶ አያውቅም። ሰሃኑን ወደ ራሱ ስቦ በንዴት መብላቱን ቀጠለ፤ አክስት ሌላ ጥያቄ ብታነሣ መልሱን ከወዲሁ እያዘጋጀ።